ከዐሣማ ወደ ሰው የሚሻገር ደዌ

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት የዐሣማ ሥጋ አይበላም። ይህንን ሥርዐት እያንዳንዱ ክርስቲያን ቤተሰብ ከአባቶቹ ተረክቦ ለልጆቹ ሲያወርስ ኖሯል። በዚህም ምክንያት ስለ ዐሣማ በሽታ ወሬ በተሰማ ቍጥር በብዙ ቤት የሚሰጠው መልስ «እኛ አንበላው፤ ምን አገባን?» የሚል ነው። በምናስተምርበት ክፍልም ይህንኑ ቃል ከተማሪዎች አፍ ደጋግመን ሰምተናል። ቃሉ ሥርዐትን ከማክበር የመጣ ስለ ሆነ አንነቅፈውም፤ ነገር ግን የመብል ሥርዐት ሌላ፥ የደዌ መንገድ ሌላ መሆኑን ስለሚያስረሳ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

ደዌ የሰውን ሃይማኖት አይጠይቅም፤ የሚፈልገው መግቢያ በር ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከዐሣማ ወደ ሰው የሚሻገሩት ቫይረሶች በየት በኩል እንደሚመጡ፥ ማንን አስቀድመው እንደሚይዙ፥ እኛስ በቤታችንና በማኅበራችን ምን ልናደርግ እንደሚገባን የተቻለንን ያህል እንገልጣለን። ዓ.ም. የሚል ምልክት ካልተጻፈባቸው በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

በገበታ የሚመጣና በእስትንፋስ የሚመጣ

ከእንስሳ ወደ ሰው የሚመጣ ደዌ ሁሉ መንገዱ አንድ አይደለም። ጥሬ የበሬ ሥጋ የሚያመጣውን ኮሶ አገራችን ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች። ዐሣማም የራሱ የሆነ የኮሶ ዓይነት አለው፤ ሥጋው በደንብ ሳይበስል የተበላ እንደ ሆነ ወደ ሰው ሆድ ይገባል። ይህ በገበታ የሚመጣ ነው፤ ሥጋውን የማይበላ ሰውም ከዚህኛው መንገድ ይድናል።

ቫይረስ የሚባለው ግን ጠባዩ ሌላ ነው። መጠኑ እጅግ ጥቃቅን ከመሆኑ የተነሣ በተራ የማጉያ መነጽር እንኳ አይታይም። ብቻውን ሊራባ አይችልም፤ ወደ ሌላ ሕያው ሕዋስ ገብቶ ሕዋሱን እንደ አገልጋይ አድርጎ ራሱን ያባዛል። ለመግባትም መክፈቻ ያስፈልገዋል። እያንዳንዱ ሕዋስ ጓጕንቸር ያለበት በር አለው ብለን እናስብ፤ ቫይረሱ የያዘው መክፈቻ ለዚያ ጓጕንቸር ካልገጠመ በደጅ ይቀራል። ብዙዎቹ የእንስሳት ቫይረሶች ሰውን የማይነኩት ስለዚህ ነው። ለምሳሌ የአፍሪካ የዐሣማ ትኵሳት የተባለው በሽታ በአፍሪካ፥ በአውሮፓና በእስያ እጅግ ብዙ ዐሣማዎችን ፈጅቷል፤ ሰውን ግን አይዝም። እንግዲህ የዐሣማ በሽታ ሁሉ የሰው በሽታ ነው ብሎ መፍራት አይገባም። ከእኛ የሚፈለገው ለይቶ ማወቅ ነው።

ስምንት ጥራዝ ያለው መጽሐፍ

ኢንፍሉዌንዛ በተባለው በኀይለኛው የጉንፋን ቫይረስ ረገድ ዐሣማ ልዩ ስፍራ አለው። የአዕዋፍ ኢንፍሉዌንዛ የሚከፍተው የአዕዋፍን በር ነው፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛም የሰውን። በዐሣማ መተንፈሻ ውስጥ ግን ሁለቱም ዓይነት በሮች ይገኛሉ። ስለዚህ ከዳክዬ የመጣውና ከዐሣማ ጠባቂው የመጣው ቫይረስ በአንድ ዐሣማ ሳንባ ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ።

ሲገናኙ የሚሆነውን በምሳሌ እንናገር። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የባሕርዩን ጽሕፈት የሚይዘው በስምንት ቍራጭ ተከፋፍሎ ነው። ይህም ስምንት ጥራዝ ተሰፍቶ አንድ መጽሐፍ እንደሚሆነው የብራና መጽሐፍ ነው። የሁለት መጻሕፍት ጥራዞች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተበታትነው ሳሉ ጥንቃቄ የሌለው ደጓሽ ሦስቱን ከአንዱ፥ አምስቱን ከሌላው አንሥቶ ቢደጕስ፥ ከዚህ በፊት ማንም ያላነበበው አዲስ መጽሐፍ ይወጣል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ቅልቅል የማይረባ ሆኖ ይጠፋል። አንዳንድ ጊዜ ግን የሰውን በር የሚከፍት፥ የሰውም ደም ከዚህ በፊት ያላወቀው ቫይረስ ይወለዳል። ያን ጊዜ ከልጅ እስከ ሽማግሌ በቂ መከላከያ ያለው ሰው ጥቂት ስለሚሆን ደዌው እንደ ሰደድ እሳት ይሄዳል።

የኅዳር በሽታና የ2009 ወረርሽኝ

ወላጆቻችን «የኅዳር በሽታ» እያሉ ያወሩልን፥ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን ያስለቀሰው መቅሠፍት ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው በጭንቅ ከዳኑት መካከል ነበሩ። ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበትን «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለውን ልማድ ብዙዎች ከዚያ ዘመን ጋር ያያይዙታል።

በዚያው በ1918 መጸው ሰዎች በሚታመሙበት ወራት በአሜሪካ ዐሣማዎችም በተመሳሳይ በሽታ ያስሉና ይወድቁ ጀመር። ሪቻርድ ሾፕ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1931 የዐሣማውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለይቶ አወጣ፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በለንደን የተገኘው ከእርሱ በኋላ በ1933 ነው። ዘግይቶም የ1918ቱን በሽታ ያሳለፉ ሰዎች ደም የዐሣማውን ቫይረስ የሚያከሽፍ ኀይል እንዳለው ታወቀ። ዛሬ ብዙዎቹ ሊቃውንት የሚያዘነብሉት ያን ጊዜ በሽታውን ሰው ለዐሣማ ሰጠው ወደሚለው ነው። ስለዚህ ድንበሩ የሚጣሰው ከአንድ ወገን ብቻ አይደለም። እኛም ለእንስሳቱ እንሰጣለን፤ የሰጠነውም በእነርሱ ዘንድ ተለውጦ ሊመለስብን ይችላል።

በ2009 የሆነውም ይህን ይመሰክራል። በዚያ ዓመት በኤፕሪል ወር በሜክሲኮና በአሜሪካ የታወቀው አዲስ ኢንፍሉዌንዛ ስምንቱም ጥራዞቹ በዐሣማ ዘንድ ከቆዩ ቫይረሶች የተሰበሰቡ ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅት ጁን 11 ቀን 2009 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ዐወጀ። በመጀመሪያው ዓመት የሞቱት ሰዎች ከ151,700 እስከ 575,400 እንደሚደርሱ በኋላ ተገምቷል፤ ከእነዚህም የሚበዙት ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በታች የነበሩ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በሕይወቱ አንድ ዐሣማ ቀርቦ ያየው ጥቂቱ ነው። ቫይረሱ አንድ ጊዜ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ የሚያመላልሰው ሰው ራሱ ነውና።

በማሌዥያ የታየው

ስለዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን በደቡብ ምሥራቅ እስያ በማሌዥያ የደረሰው ነው። በማሌዥያ የሚበዛው ሕዝብ ሙስሊም ስለ ሆነ ዐሣማ አይነካም፤ የዐሣማ እርባታ የነበረው በአብዛኛው የቻይና ዘር ባላቸው ዜጎች እጅ ነው። በ1998 በሴፕቴምበር ወር ገደማ በፔራ ግዛት በኢፖ ከተማ አካባቢ የሚኖሩ ዐሣማ አርቢዎች በትኵሳት፥ በራስ ምታትና በማንቀላፋት ተያዙ፤ ብዙዎቹም አእምሮአቸውን ስተው ሞቱ።

ሐኪሞቹ በሽታውን «የጃፓን የአንጎል ብግነት» ነው አሉ። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ያ በሽታ በዐሣማ ደም ውስጥ የሚባዛ፥ ቢምቢ ወደ ሰው የምታደርሰው የታወቀ ደዌ ነውና። ስለዚህ ሕዝቡ ተከተበ፥ በየመንደሩም የቢምቢ መድኃኒት ተረጨ። ሞቱ ግን አልቆመም።

ነገሩን አጥብቆ ለሚመለከት ሰው የማይገጥሙ ምልክቶች ነበሩ። የጃፓኑ በሽታ ይበልጡን የሚይዘው ሕፃናትን ነው፤ አሁን የሚወድቁት ግን ጐልማሶች ነበሩ። የተከተቡትም ታመሙ። ቢምቢ ዐሣማ አርቢውንና ጎረቤቱን ለይታ አትነድፍም፤ ሆኖም በዚያው መንደር ዐሣማ የማይነኩት ሰዎች ደኅና ነበሩ። ደግሞም ዐሣማዎቹ ራሳቸው ያስሉ ነበር፤ ሳላቸውም ከሩቅ ይሰማ ነበር። ነገር ግን ከእነርሱ የሚሞቱት ጥቂቶች ስለ ነበሩ ባለቤቶቹ አልደነገጡም። በፍርሃት መንጋቸውን በርካሽ የሸጡም ነበሩ፤ የተሸጡትም ዐሣማዎች በመኪና ተጭነው ወደ ደቡብ ወደ ነግሪ ሰምቢላን ግዛት ሲሄዱ ደዌው አብሮ ተጓዘ።

በ1999 በማርች ወር በማሌያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ቹዋ ካው ቢንግ የተባለ ሐኪም ሱንጋይ ኒፓ ከተባለው መንደር ከመጣ በሽተኛ አዲስ ቫይረስ አገኘ፤ ቫይረሱም በመንደሩ ስም ኒፓ ተባለ። በዚያው ወር በሲንጋፖር ከማሌዥያ የመጡ ዐሣማዎችን ያረዱ 11 ሠራተኞች ታመው አንዱ ሞተ። በማሌዥያ ከታመሙት 265 ሰዎች 105ቱ ሞቱ፤ ይህም ከአምስት ሰው ሁለት ማለት ነው። ወታደሮች ተሰማርተው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዐሣማዎች ከተገደሉ በኋላ በሽታው ቆመ፤ የብዙ ቤተሰብ ኑሮም አብሮ ወደቀ።

ቫይረሱ የመጣው ፍራፍሬ ከሚበሉ ታላላቅ የሌሊት ወፎች መሆኑ ኋላ ታወቀ። አንዳንድ አርቢዎች ተጨማሪ ገቢ ለማግኘት በዐሣማው ጉረኖ አጠገብ ማንጎ ተክለው ነበር። የሌሊት ወፎቹ በልተው የጣሉትን ፍሬ ዐሣማው ለቅሞ ይበላል፤ ዐሣማው ሲያስል ጠባቂው ይተነፍሳል። ሁለቱን እርሻዎች ያጐራበተው ሰው ክፉ አላሰበም፤ ልጆቹን ለማሳደግ ደከመ እንጂ።

እዚህ ላይ አንባብያን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንለምናለን። በሽታው ሥጋውን ከገበያ ገዝተው፥ አብስለው በበሉት በብዙ ሺህ ቤተሰቦች መካከል አልተስፋፋም። የወደቁት ሕያዉን እንስሳ ያበሉ፥ ያዋለዱ፥ መርፌ የወጉና ያረዱ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ደዌ ዘንድ ወሳኙ ጥያቄ «ምን ትበላለህ?» ሳይሆን «ምን ትሠራለህ?» የሚለው ነበር። ዐሣማም ብቸኛው ድልድይ አይደለም፤ ከ2001 ጀምሮ በባንግላዴሽ ይኸው ኒፓ የሌሊት ወፍ ያበላሸውን ጥሬ የተምር ዛፍ ፈሳሽ በመጠጣትና በሽተኛን በማስታመም፥ ያለ አንዳች ዐሣማ፥ ሰውን ገድሏል። እስከ ዛሬም ፈቃድ ያገኘ ክትባት የለውም።

በካይሮ የተደረገው

ፍርሃት ያለ እውቀት ሲሄድ ምን እንደሚያደርስ ደግሞ በግብፅ ታይቷል። በካይሮ ከተማ በሙቀጠም ተራራ ሥር የሚኖሩ፥ ዘባሊን የሚባሉ የቆሻሻ ሰብሳቢዎች አሉ፤ የሚበዙትም ቅብጣውያን ኦርቶዶክሳውያን ክርስቲያኖች ናቸው። የከተማውን ጥራጊ እየሰበሰቡ ብረቱን፥ ወረቀቱንና ጨርቁን ለይተው ይሸጡ፥ የምግቡን ትራፊ ለዐሣማዎቻቸው ያበሉ ነበር። በሃይማኖት እኅታችን የሆነች ቤተ ክርስቲያን ልጆች ዐሣማ ማርባታቸው ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ይሆን ይሆናል፤ የየአገሩ ልማድ እንዲህ ይለያያል።

በ2009 በኤፕሪል መጨረሻ፥ በግብፅ አንድ ሰው እንኳ በአዲሱ ኢንፍሉዌንዛ መታመሙ ሳይታወቅ፥ መንግሥቱ በአገሩ ያሉት ዐሣማዎች ሁሉ እንዲታረዱ አዘዘ። ቍጥራቸው ወደ 300,000 ይገመት ነበር። ቫይረሱ ያን ጊዜ የሚጓዘው ከሰው ወደ ሰው መሆኑን የዓለም የጤና ድርጅት ገልጦ ነበር፤ ትእዛዙ ግን ተፈጸመ። በጁን መጀመሪያ የመጀመሪያዋ በሽተኛ በካይሮ ተገኘች፤ እርስዋም ከአሜሪካ በአውሮፕላን የመጣች ልጅ ነበረች። ዐሣማዎቹ ከታረዱ በኋላ የምግብ ትራፊውን የሚበላ ስለ ጠፋ በዚያው ዓመት በየጎዳናው ቆሻሻ ተከመረ፤ ድኾቹ ቤተሰቦችም የገቢያቸውን አንድ ክፍል አጡ።

በማሌዥያ ዐሣማውን መግደል በሽታውን አቆመ፤ ዐሣማው በእርግጥ ምንጭ ነበርና። በካይሮ ግን ምንም አልጠቀመም፤ ምንጩ ሌላ ነበርና። ሁለቱን የለያቸው መንገዱን ማወቅና አለማወቅ ነው።

የዐሣማ ልብ በሰው ደረት

ሐኪሞች ደግሞ በዘመናችን ዐሣማን ለሌላ ነገር ይፈልጉታል። የልቡና የኵላሊቱ መጠን ለሰው የሚቀርብ ስለ ሆነ በተበላሸ የሰው አካል ምትክ ለማድረግ እየጣሩ ናቸው። በጃንዋሪ 7 ቀን 2022 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለመሞት ለተቃረበ የ57 ዓመት ሰው የዐሣማ ልብ ተተከለለት፤ ሰውየውም ሁለት ወር ያህል ኖረ። ዐሣማው አስቀድሞ ተመርምሮ ሳለ በልቡ ውስጥ ተሰውሮ የቆየ የዐሣማ ቫይረስ በኋላ ተገኘ። ቫይረሱ ለሞቱ ምን ያህል ምክንያት እንደ ሆነ ሊቃውንት ተከራክረውበታል።

ከዚያም በፊት በ1997 በለንደን የተደረገ ምርምር ከዐሣማው ዘር ጋር ከወላጅ ወደ ግልገል የሚወረሱ ቫይረሶች በላቦራቶሪ የሰውን ሕዋሳት ሊይዙ እንደሚችሉ አሳይቶ ነበር። በሕያው ሰው ላይ እስካሁን ይህ አልታየም። የሞት ጥላ ያረፈበትን በሽተኛ ለመርዳት የሚደክሙትን አንነቅፍም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ሥራ የሚከፈተው በር በአንድ ሰው ደረት ብቻ የማይወሰን ሊሆን ስለሚችል ጥብቅ ምርመራና ረዥም ክትትል የግድ ነው።

ለቤተሰብ የሚሆን ምክር

በአገራችን የዐሣማ እርባታ ጥቂት ነው፤ ይሁንና በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ አካባቢ ዐሣማ የሚያረቡ አሉ። ከአገር ውጭ ደግሞ ኑሮ አስገድዶአቸው በአሜሪካ በዐሣማ ማረጃ ፋብሪካዎች የሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን አሉ። ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፥ ከዐሣማ ጋር የሚሠራ ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ሥራውን ሲጨርስ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የሥራ ልብሱንም ለብሶ ሕፃናት ወዳሉበት ቤት አይግባ። በየዓመቱ የሚሰጠውን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ይከተብ፤ ይህ ክትባት የዐሣማውን ቫይረስ ባያግድም በአንድ ሳንባ ሁለት ዓይነት ቫይረስ እንዳይገናኝ ይረዳል።

ሁለተኛ፥ ጉንፋን ወይም ትኵሳት የያዘው ሰው እስኪድን ድረስ ወደ እንስሳቱ አይቅረብ፤ ድንበሩ ከሁለቱም ወገን እንደሚጣስ አይተናልና።

ሦስተኛ፥ በአሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ገበሬዎች ትርኢት ሲወስዱ ይጠንቀቁ። በ2012 በእንዲህ ያሉ ትርኢቶች ከዐሣማ የመጣ ኢንፍሉዌንዛ 309 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ የሚበዙትም ሕፃናት ነበሩ፥ አንድ ሰውም ሞቷል። በዐሣማው ጉረኖ ውስጥ ምንም አይብሉ፥ አይጠጡ፤ ከወጡም በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በዐሣማ እርባታ ወይም በማረጃ ፋብሪካ የሚሠራ ወንድም፥ ወገኖቹ እንዳይጸየፉት ፈርቶ ሥራውን ከማኅበሩ ይሰውር ይሆናል። ታምሞ ሲተኛም ለጎረቤቱ፥ ለንስሐ አባቱና ለሐኪሙ «ከዐሣማ ጋር እሠራለሁ» ብሎ ለመናገር ያፍራል። ሐኪሙም ሳያውቅ ሌላ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ደዌው ግን በዚያ መካከል ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ሊሻገር ይችላል። በማሌዥያ የብዙ ወራት ጊዜ ያለፈው መንገዱ ሳይታወቅ ነው፤ በእኛ መካከል ደግሞ መንገዱን የሚሰውረው የእኛው ንቀት እንዳይሆን ያስፈራል።

ሥርዐታችን ሥጋውን እንዳንበላ ያዝዘናል፤ ለልጆቹ እንጀራ ለማብላት የሚደክመውን ሰው እንድንጸየፍ ግን አያዝዘንም። በእንስሳና በሰው መካከል ባለው ድንበር ላይ የቆመው እርሱ ነው፤ አዲስ ደዌ ቢመጣ አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ነው፤ ፈጥኖም ተናግሮ ሁላችንን ሊያድን የሚችለው እርሱ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ አባወራና እመቤት፥ እንዲህ ያለ ሰው በቤተ ዘመዳቸው ወይም በማኅበራቸው ቢኖር፥ ስለ ሥራው ያለ ነቀፋ ይጠይቁት፤ በታመመም ጊዜ ወደ ሐኪም አብረውት ይሂዱ፤ እርሱ ቢያፍር እነርሱ ይናገሩለት።